የቧንቧ ውሃው አስታራቂና የረሂማ ቆሽት

ጆሮ ያለህ ደሴ፣ ጆሮህን አቅና! ከቧንቧ ውሃ ሰፈር እስከ ፒያሳ፣ ከኮምቦልቻ ፋብሪካ በር እስከ ደጋን አስፋልት ዳር ያለህ ሁሉ፣ ቆመህም ተቀምጠህም አድምጥ! በጋቢው የተፈራ፣ በከዘራው የተከበረ፣ በአንድ ሳል ጉባኤ የሚያስቆም፤ የባልና የሚስት፣ የፍየልና የጎመን፣ የፍሳሽ ቦይና የጎረቤት አጥር አስታራቂ የሆነው በሺር፣ የሰው ልጅ ጠብ ስላነሰው ፊቱን ወደ ሰው ልጅ ሆድ ዕቃ አዙሯል። ከእንግዲህ ሐኪምና ቆሽት ቢጣሉ፣ ቢላዋና ቁስል ቢኮራረፉ፣ ነገሩ የሚታየው በእርሱ ፊት ነው። ይግባኝ የለም።

አዋጁ እዚህ ያበቃል። ከዚህ በታች ያለው ሰውዬው ነው። ሰውዬው ደግሞ ከአዋጁ በብዙ ያንሳል።

በሺር ፒያሳ ላይ የፕላስቲክ ዕቃ ሱቅ አለው። "አለው" ማለት ታፔላው ላይ ስሙ ተጽፏል ማለት ነው። ጀሪካኑን የምታወርደው፣ ሳፋውን የምትደረድረው፣ ከገበያተኛ ጋር ጉሮሮዋ እስኪደርቅ ተከራክራ የምትሸጠው ሚስቱ ረሂማ ናት። እርሱ ጠዋት ጠዋት መዝጊያውን በአንድ ጣቱ ይነካና "ከፈትን፣ አልሐምዱሊላህ" ብሎ ይሄዳል። ወዴት? ጠብ ወዳለበት። ጠብ ከሌለስ? እስኪገኝ ድረስ ይጠብቃል። ቧንቧ ውሃ ውስጥ ሁለት ሰዎች ድምፃቸውን ትንሽ ከፍ አድርገው ሰላምታ ከተለዋወጡ እንኳ በመካከላቸው ጋቢ ለብሶ ይገኛል።

የተወለደው ከደጋን በታች፣ ማሽላ ከሚያበቅል ቤተሰብ ነው። ማሽላ ጥበቃ ሲልኩት ዝንጀሮው ጠግቦ ከሄደ በኋላ ተመልሶ "እንግዳ ነው፣ ምን ይደረጋል" ያለ ልጅ ነው ብለው የሚያሙት አሉ። ሐሜት ይሆናል፤ ግን ይመስላል። አድጎ ኮምቦልቻ ወረደና ፋብሪካ ተቀጠረ። ሥራው የክር ቀለም ማመላለስ ነበር። አንድ ቀን ሁለት ሠራተኞች በልብስ ሳጥን ቁልፍ ተጣሉ። በሺር ገባ። ተናገረ። የሥራ ፈረቃው አልቆ ሌላው ፈረቃ ገባ፤ እርሱ አሁንም ይናገራል። በመጨረሻ ሁለቱ ሰዎች ተቃቅፈው ታረቁ። የታረቁት በንግግሩ ተነክተው አልነበረም፤ ንግግሩ እንዲያልቅላቸው ነው። እርሱ ግን ይህን እስከ ዛሬ አላወቀም። "ይህ ከአላህ የተሰጠኝ ነው" አለ፤ የቀለሙን ጋሪ ወርውሮ ደሴ ወጣ፤ ረሂማን አገባ፤ ረሂማም ሱቁን አገባች።

እንግዲህ የሽምግልናውን ሕግ እወቅልኝ፤ ያለ እርሱ የሰውዬው ጥፋት አይገባህም። ወሎ ውስጥ የተበደለ ሰው ሽማግሌ ሲመጣበት ወዲያው እሺ አይልም። "ይቆየን" ይላል። "ይቆየን" ማለት "ገና በደንብ አልለመናችሁኝም" ማለት ነው። ሽማግሌው ይህን ያውቃል፤ አይቀመጥም፣ አይቀምስም፣ ቆሞ ይለምናል፤ ይመለሳል፣ ደግሞ ይመጣል። በመጨረሻ እምቢ ባዩ "እሺ" ሲል ደግሞ ሌላ ወግ አለ። የረታው ወገን የጠየቀውን ሁሉ አይወስድም። "እሺታህ ይበቃናል" ብሎ ካሳውን ይምራል። ትልቅነት ማለት ይህ ነው። ሕጉ ለሰውና ለሰው ያማረ ነው፤ ደም አድርቋል፤ በእርሱ የሚስቅ ባለጌ ነው። በሺር ግን ይህንን ያማረ ሕግ ተሸክሞ ቀዶ ሕክምና ክፍል ገባ።

ነገሩ የጀመረው በሐሞት ጠጠር ነው። ረሂማ የቀኝ ጎኗን ትይዝ ነበር። ሐኪም አየና "ከረጢቷ ጠጠር ሞልቷል፣ ይውጣ" አለ። በሺር አሰላሰለ፤ ማሰላሰሉንም ሰው እንዲያየው በረንዳ ላይ ተቀምጦ ነው ያሰላሰለው። ከዚያም "ጠጠሩ በቦታው ተቀምጧል። አልነካንም፤ ያልነካህን አትንካ" ሲል ፈረደ። ጠጠሩ በችሎቱ አልተገኘም፤ ፍርዱም አልደረሰው። አንዱ ተንሸራቶ የቆሽቷን መውጫ ዘጋ። ቆሽት ከጨጓራ ጀርባ ተሸሽጎ የሚሠራ ዝምተኛ ነው፤ እኛ ስሙን የምናነሳው ስንናደድ ብቻ ነው። ምግብ የሚፈጭበት ፈሳሽ መውጫ ሲያጣ ግን ራሱን መፍጨት ይጀምራል። ረሂማ ሱቁ ውስጥ፣ በሳፋዎቹ መካከል ወደቀች። በባጃጅ አድርሰው ሆስፒታል አስተኟት።

የቆሽቷ ግማሽ ሞተ። በሞተው ሥጋ ዙሪያ ፈሳሽ ተጠራቀመ። ሻል ብሏት ነበር፤ ከዚያ ትኩሳቱ ተመለሰ፤ ብርድ ብርድ እያለ ያንቀጠቅጣት ጀመር። ምስሉ ሲታይ በሞተው ሥጋ ውስጥ የአየር አረፋ ታየ። የሞተው አመርቅዟል ማለት ነው።

የቀዶ ሕክምና ሐኪሟ ሰርክአዲስ ትባላለች፤ የኮምቦልቻ ልጅ ናት። በሺርን አስቀምጣ በሚገባው ቋንቋ ነገረችው። "የሞተው ሥጋ ከሕያው ገና አልተላቀቀም። አሁን ሆዷን ብከፍት የቱን ይዤ የቱን እንደምተው እጄ አይለይልኝም፤ ደሟንም አላቆመውም። መጀመሪያ በጎኗ ቱቦ አስገብተን መግሉን እናፍስስ። መድኃኒቱ ይሥራ። በአፍንጫዋ ወደ አንጀቷ በሚወርድ ቀጭን ቱቦ እንመግባት። ከዚያ እንቆይ። ወር ገደማ ከቆየን የሞተው ዙሪያውን ግድግዳ ይሠራል፣ ይላቀቃል። ያኔ ካስፈለገ በቱቦው መንገድ ገብቼ አወጣዋለሁ።"

ከዚህ ሁሉ ንግግር በሺር የሰማው አንዲት ቃል ነው፤ "እንቆይ"።

ፒያሳ ወጣ። ካፌ በረንዳ ላይ ከሊድ የሚባል ወዳጁ ነበር፤ ትርፍ አንጀቱን የተቀደደ። ከሊድ ሸሚዙን ገልጦ ጠባሳውን አሳየ። "እኔን በገባሁበት ሌሊት ነው የቀደዱኝ። ማን አስቆየኝ?" አለ። ከሊድ ከትርፍ አንጀት ሌላ የሆድ ዕቃ ያለ አይመስለውም፤ በዚህ አይፈረድበትም። በሺር ግን ጭንቅላቱን ነቀነቀ። "ገብቶኛል" አለ፤ "ልጅቷ ይቆየን እያለች ነው። አልተለመነችም።"

ይህንን ልብ በልልኝ። በዓለም ላይ ብዙ ሞኝ አለ፤ ሐኪም "ቆይ" ስትለው "ተኩራርታ ነው" ብሎ ሽማግሌ የሚሰበስብ ሞኝ ግን ቧንቧ ውሃ ብቻ ነው የሚገኘው።

ሰበሰበ። ሼህ ዘይኑልአቢዲንን ከመስጊድ በር ያዛቸው፤ ጋሽ ወርቅአፈራሁን ከቤተ ክርስቲያን መልስ። ለሁለቱም "የሴት ነፍስ ነው" አላቸው እንጂ ምን ሊጠይቁ እንደሚሄዱ በቅጡ አልነገራቸውም። በማግስቱ ጠዋት፣ ቱቦው ሊገባ በተቀጠረበት ሰዓት፣ ሦስት ጋቢ በሐኪሟ ክፍል በር ላይ ቆመ።

"ግቡ አባቶቼ፣ ተቀመጡ" አለች ሰርክአዲስ ብድግ ብላ።

"አንቀመጥም" አለ በሺር።

"ኧረ በእናታችሁ። ጉልበታችሁን።"

"እሺ ሳትይን አንቀመጥም።"

"ምኑን ነው እሺ የምለው?"

"ሆዷ እንዲቀደድ።"

"ትናንት ነገርኩዎት እኮ። አሁን ከቀደድኳት ጠረጴዛ ላይ ትሞትብኛለች።"

በሺር ወደ ሼሁ ዞሮ ጠቀሳቸው። የመጀመሪያው እምቢታ ነው፣ ይጠበቃል ማለቱ ነው።

ጋሽ ወርቅአፈራሁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ልጄ፣ ምናልባት ይህ ሰው በንግግር አስቀይሞሽ ከሆነ፣ እግርሽ ላይ ወድቄ..."

"ኧረ አባባ! ማንም አላስቀየመኝም።"

"እንግዲያ ማን ነው የሚያስቆይሽ?"

"ቁስሉ ነው!"

"ቁስሉን ለእኛ ተይው" አለ በሺር።

ይህንን ቃል የሰማ ነርስ መርፌውን ይዞ ኮሪደሩ ላይ ደርቆ ቀረ።

ሐኪሟ ሰዓቷን አየች። ሽማግሌን ገፍታ አትወጣ ነገር፤ የወሎ ልጅ ናት፤ አባቷ እንደዚህ ያሉ ሰዎች ሲቆሙ ተነስቶ ነው ያሳደጋት። በሺርም ይህንን ነው የተማመነው። በሩን በከዘራው ዘግቶ ከፋብሪካው ዘመን ጀምሮ የሚያውቀውን ንግግር ጀመረ፤ ከአባቶች ይቅርታ ተነስቶ፣ በእርሻ ወሰን አልፎ፣ ወደ አንድ የሞተ በሬ ገባ። በሬው ገና ሳይቀበር ጋሽ ወርቅአፈራሁ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

"ጋሽ ወርቅአፈራሁ! ገና እሺ አላለችም እኮ!"

"የእኔ ጉልበት እሺ ብሏል። አንተ ቁም። ሱቅህ ውስጥ ቆመህ ስለማታውቅ ጉልበትህ አዲስ ነው።"

በዚህ መሃል ሳሊሃ ደረሰች። ሳሊሃ የረሂማ ታናሽ እህት ናት፤ ከኮምቦልቻ ፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ ጨርሳ፣ ጥጥ ፀጉሯ ላይ እንደተለጠፈ ነው የመጣችው።

"ዶክተር! እህቴ እየተንቀጠቀጠች ነው! ግፊቷ ወርዷል እያሉ ነው! የቱቦዎቹ ሰዎች እርስዎን እየጠበቁ ነው!"

በሺር እጁን አነሳ። "ሳሊሃ፣ ዝም በይ። ሽምግልና ላይ ነን።"

"ከማን ጋር ተጣልታ?"

"ዝም በይ አልኩ!"

"አያ በሺር፣ ከማን ጋር ተጣልታ? ንገሩኝ! እህቴ ከማን ጋር ተጣልታ ነው የምትሞተው?"

ሼህ ዘይኑልአቢዲን የዚያን ጊዜ ነው የገባቸው። "አስተግፊሩላህ!" ብለው ከበሩ ዘወር አሉ። ሰርክአዲስ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ስማ በከዘራውና በግድግዳው መካከል ሾልካ ሮጠች። በሺር የሐኪሟን ባዶ ወንበር እያየ፣ የሞተውን በሬ እንደያዘ ቀረ።

ቱቦው ገባ። ከረሂማ ጎን የወጣውን ፈሳሽ ያየ ሰው ምሳ አይበላም፤ እንደ ድፍርስ የጭቃ ውሃ የጠቆረ፣ የሚከረፋ። በመጀመሪያው ቀን ዕቃ ሞላ። ሳሊሃ ከፈረቃዋ በተረፋት ሰዓት ሁሉ አልጋው ዘንድ ናት፤ ነርሶቹ ቱቦውን በጨው ውሃ ሲያጥቡ እህቷን እጇን ትይዛታለች። ረሂማ ቀለም ተመለሰላት። "ሱቁን ማን ከፈተ?" ብላ ጠየቀች። ማንም አልከፈተውም። ባለታፔላው ካፌ ነበር።

ሳምንታት አለፉ። ከዚያ ቱቦው መዘጋት ጀመረ፤ ትኩሳቱም ማታ ማታ ብቅ ይል ጀመር። ምስሉ እንደገና ታየ። ሐኪሟ በሺርን ጠራችው፤ ከዚያ ሁሉ በኋላ መጥራቷ የእርሷን ጨዋነት ነው የሚያሳየው።

"ቱቦው ፈሳሹን አወጣልን" አለችው። "ቁራጩ ግን በቱቦ አያልፍም፤ እንደ ረጠበ ድሪቶ ሆኖ ተቀምጧል። አሁን ግድግዳውን ሠርቷል፣ ተላቅቋል። ሆዷን ሳልከፍት በጎኗ፣ በቱቦው መንገድ በጠባብ ቀዳዳ ገብቼ እየቆነጠጥኩ አወጣዋለሁ። አንዴ ላይበቃ ይችላል፤ ተመልሼ ልገባ እችላለሁ። ውስጥ ከቀረ ግን ይወስዳታል። ጊዜው አሁን ነው።"

የበሺር ፊት በራ።

"እሺ አልሽ ማለት ነው?"

"ምን?"

"እንቀድዳለን አልሽ። በገዛ አፍሽ።"

"አዎ፣ እንቀድዳለን። እሷም እሺ ብላለች።"

"በቃ!" አለ ጋቢውን ወደ ትከሻው እየወረወረ። "ምረንሻል።"

"ምኑን ነው የማሩኝ?"

"እሺታሽ ይበቃናል፣ ልጄ። ቢላዋውን ትተንልሻል። እኛ ጨካኞች አይደለንም።"

ሐኪሟ የረሂማን ካርድ ገልጣ እንደገና አነበበች። በሕክምና ትምህርት ቤት ይህ ሕመም አልተነገራትማ።

በሺር ግን ወጣ፤ ፒያሳ ደረሰ፤ ካፌው በረንዳ ላይ ቆሞ "ያቺን ግትር ሐኪም እሺ አስባልኳት፤ ከዚያ ማርኳት" ሲል አወጀ። "ማሻአላህ!" አለ በረንዳው። ከሊድ ሸሚዙን ሊገልጥ ሲል ከለከሉት። ይኸው ነው የሰውዬው ድል፤ መቁረጥ በሚገድልበት ቀን "ቁረጡ" ብሎ በር ዘጋ፤ መቁረጥ በሚያድንበት ቀን "ይቅር" ብሎ ማረ። በሁለቱም ቀን ልቡ ንጹሕ ነበር። ንጹሕ ልብ እንዲህ ባለ ሰው ደረት ውስጥ ሲቀመጥ ከቢላዋ ይብሳል።

ትናንት ከሰዓት አልጋው ዘንድ ሄደ። ሳሊሃ ነበረች።

"እንግዲህ ቤት እንገባለን" አላት ረሂማን። "ሚኒባስ ተነጋግሬያለሁ።"

ሳሊሃ ቀደመቻት። "አያ በሺር፣ ትቀደድ ብለው ሆስፒታሉን ያመሱት እርስዎ አልነበሩም?"

"ነበርኩ።"

"ታዲያ አሁን?"

"አሁንማ ረታን።"

"ማን ነው የተረታው?"

"ሐኪሟ ናታ።"

"መግሉስ? መግሉም ተረቷል? ወላሂ፣ እሱንም እሺ አስብሉትና እናንተ ጋር ቡና ይጠጣ!"

"አንቺ ምላስሽ ከፋብሪካ ማሽን ይፈጥናል።"

"ማሽኑ እንኳ ሲበላሽ የሚጠግነው ይመጣል። እርስዎን ማን ይጠግናል?"

ረሂማ በአፍንጫዋ ቱቦ አጠገብ በቀጭን ድምፅ ተናገረች። "በሺር፣ ማን ነው የታመመው?"

"አንቺ ነሽ፣ ሐቢብቲ።"

"እንግዲያ እኔ ነኝ የምመልሰው። ታውጣልኝ ብያለሁ። ሂድ፣ ሱቁን ክፈት።"

ከዘራውን አነሳ። ይህ ሰው ሳይናገር ሲነሳ ፍራው፤ ሌላ ሽማግሌ እያሰበ ነው። በሩ ላይ ደርሶ ዞረና "ይሁን፣ እኔን እምቢ በይ። በቀጠሮሽ ጠዋት አባቶችን ይዤ እመጣለሁ" አላት።

የዚያን ጊዜ ረሂማ አለቀሰች። ለሳሊሃ ያለቻትን ቃል ሳሊሃ ለሰፈሩ ሁሉ ተናግራለች፤ እዚህም ሳይጨመር ሳይቀነስ ይስፈር። "ባሌን እምቢ እለዋለሁ። ይህን ሁሉ ዘመን ሱቁ የቆመው እምቢ ስለው ነው። ሽማግሌ እግርጌዬ ቆሞ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ 'እሺ በይን' ሲለኝ ግን ምላሴ አይታዘዘኝም። አባቴ እንደዚያ አላሳደገኝም። እሺ እላለሁ ሳሊሃ። እሺ እላለሁ፣ ቤቴም ገብቼ እሞታለሁ።"

ሐኪሟ ነገ ጠዋት ለመጀመሪያ ሰዓት ቀጥራታለች። በሺርም ለዚያው ሰዓት ቀጥሯል።

ግን ሰው ጎድሎታል። ሼህ ዘይኑልአቢዲንን ትናንት ማታ ጠይቋቸው "ያን ቀን በር ላይ ያቆምከኝ ሴት ልትሞት ስትንቀጠቀጥ ነው። ሂድልኝ" ብለውታል። ጋሽ ወርቅአፈራሁ ደግሞ "ጉልበቴን አሞኛል" ብለው ላኩበት፤ ልጃቸው እንደምትለው መልእክቱን የላኩት አጥር እየጠገኑ ነው። ሌላ ሽማግሌ እየፈለገ ነው። ዛሬ ከአስር ሶላት በኋላ ቧንቧ ውሃን ከላይ እስከ ታች ሲያንኳኳ ታይቷል። ለሁሉም "የሴት ነፍስ ነው" ነው የሚላቸው፤ ሌላ አይናገርም። ያንተ በር ገና አልተንኳኳም ይሆናል።

ሲያንኳኳ ትከፍትለታለህ፤ አውቅሃለሁ። ጋቢህንም ከመስቀያው ታወርዳለህ፤ ሽማግሌ ተጠርቶ አይቀርማ። ስለዚህ እንድትቀር አልለምንህም። አንዲት ነገር ብቻ ነው የምለምንህ። ነገ እግርጌዋ ቆመህ የምትላትን ቃል፣ "ቢላዋው ይቅር፣ እሺ በይን" የምትለውን፣ እስኪ ዛሬ፣ እዚሁ ቤትህ ተቀምጠህ፣ ሚስትህና ሴት ልጅህ እየሰሙህ፣ ጮክ ብለህ በለው።